ጥለቱ ወደ ላይ

ደሳለችን የማያውቅ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ነጠላ አይሸጥም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሀጂራ የክር ሱቅ በር ላይ፣ በአንዲት አጭር ዱካ ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ ስትቋጭ ኖራለች። ሸማኔ ሠርቶ የሚያወጣው ነጠላ ጫፉ የተበተነ ነው። ያንን የተበተነ ክር ጥቂት ጥቂቱን እየለየች፣ በመዳፏ እየገመደች ከታች ትቋጥረዋለች። «ሳይቋጭ ተሠራ አይባልም» ትላለች። ሸማኔዎቹ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል፤ እሷም የምትለው ደማቸው እንዲፈላ ነው።

አንድ አመል አለባት። መንገድ ላይ ነጠላ አበላሽቶ የለበሰ ሰው ካየች አያስችላትም። «አንቺ ልጅ! ነይማ ወዲህ። ሰርግ ነው ለቅሶ የምትሄጂው?» ልጅቷ ደንግጣ ትቆማለች። ደሳለች ከዱካዋ ብድግ ትልና ነጠላውን ከትከሻዋ ገፍፋ፣ ገልብጣ፣ አስተካክላ ታለብሳታለች። «ጥለቱ ወደ ታች! ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» ብዙዎቹ ስቀው አመስግነው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ «ምን አገባሽ!» ይሏታል። የሚያገባት መስሏት ወደ ክሯ ትመለሳለች።

ነገሩ ቀላል ነው፤ የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ግን ልንገር። ጥለት ማለት በነጠላው ዳር የሚሄደው ባለቀለም ጌጥ ነው። በደህና ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ሰው የሞተበት ግን ነጠላውን ይገለብጥና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱና ወደ ፊቱ ያደርገዋል። ማዘቅዘቅ ይባላል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች ሴት ሐዘን ላይ መሆኗን ማንም አይጠይቃትም፤ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ያልፋል እንጂ።

ይህን ሁሉ ለመንገደኛ የምታስተምር ሴት ለገዛ ልጇ ማስተማር ረሳች። ሊሚ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጂንስና ሹራብ እንጂ ሌላ አትለብስም፤ ግማሽ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፣ ግማሽ ቀን ሥዕል ትማራለች። አባቷ ቶለሳ ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ነው፤ ልጁ ሥዕል ልማር ስትለው «የምን ሥዕል?» ብሎ አንድ ሳምንት አኩርፎ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀለም ገዝቶላት የገባ ሰው። ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። በኦሮምኛ «ሀደ ሊሚ» ነው የሚላት፣ የሊሚ እናት ለማለት።

ለምርቃት የተሰጣቸው ርእስ «እናትነት» ነበር። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ሃያ ሁለት ሥዕል ይሠራሉ፤ ሠሪው በሰው ፊት ቆሞ ቀለሙንም ምልክቱንም ያብራራል፤ ከዚያ ሦስቱ ተመርጠው ለትልቁ ኤግዚቢሽን ይሄዳሉ። ሊሚ ሦስት ወር ሙሉ የምትሠራውን ለማንም አላሳየችም። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷን ከሥራ ቦታዋ ጎትታ፣ ትምህርት ቤቱ ወደተከራየው አዳራሽ ወሰደቻት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት በሩ ላይ።

«ወድቄ እንድሰበር ነው?» አለች ደሳለች። ግን ጨፈነች።

ስትገልጥ ራሷን አየች፤ የዛሬዋን ሳይሆን የድሮዋን። ከቁመቷ በሚበልጥ ሸራ ላይ ሹሩባ የተሠራች ወጣት ሴት ቀጥ ብላ ታያታለች። አፏ ገጥሟል፣ ጆሮዎቿ ወጥተዋል፣ በክንዷ ነጭ ጥቅል ታቅፋለች። ከጀርባዋ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ከጥቅሉ በታች፣ ከወገቧ ጀምሮ ያለው ቀሚሷ አረንጓዴ። አንገቷን ዙሪያውን ደግሞ ቢጫ ጥለት ከቧታል፤ የሚያበራ ቢጫ።

ጥለቱ ወደ ላይ ነበር።

«ይሄን ጥለት የሠራው የትኛው ሸማኔ ነው?» አለች ደሳለች፤ ሌላ የምትለው ስላጣች። «እንዲህ ያለ ሽሮ ሜዳ ላይ የለም።»

«እማ ደግሞ! ሥዕል ነው እኮ። ቆይ፣ ቅዳሜ የምናገረውን አንቺ ላይ ልለማመድ።» ሊሚ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰማያዊውን የወሰድኩት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነው አይደል? ማንኛዋም እናት ያንን መጎናጸፊያ ትጋራለች ለማለት ነው። አረንጓዴው... እ... ማለቴ፣ እንጦጦ ነው፣ ያደግሽበት። ልምላሜ፣ ሕይወት፣ ገና የሚመጣ ነገር። ቢጫው ጥለት ግን የሥዕሉ ልብ ነው። ፊትሽን ከሥር እንዲያበራልሽ ነው ያመጣሁት፣ ልክ ጠዋት ፀሐይ እንደምታበራው። ደስታ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ደስታ።»

«ጥቅሉስ?»

«ጥቅሉማ እኔ ነኛ!» ሊሚ ሳቀች።

«ፊቱን ለምን ሸፈንሽው?»

«ፊቱ ከታየ የእኔ ብቻ ይሆናል፤ ሲሸፈን የማንም ልጅ ይሆናል። ደግሞስ ሕፃን ከዓይን አይሸፈንም?»

ደሳለች ፊቱ የተሸፈነ ነጭ ጥቅል አንድ ቀን ታቅፋ ታውቃለች። ከዓይን ለመከለል አልነበረም። የግድግዳውን ጠርዝ ያዘች፤ ሊሚ ደስታ መሰላት።

«ፎቶውን ከየት አመጣሽው?»

«ከሰነዶቹ ቦርሳ ውስጥ፣ ጉርዷን ፎቶ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ቀለሙን ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ከጀርባዋ ሚያዝያ ዘጠና ሁለት ይላል። የተወለድኩበት ዓመት! ፎቶው ከደረት በላይ ነው እንጂ፣ ዝቅ ቢል እኔ እታይ ነበር አልኩ በልቤ።»

«አንቺ ነሐሴ ነው የተወለድሽው።»

«ያው ነው እማ። አራት ወር ምን አላት?»

ደሳለች ልጇን ግንባሯን ሳመቻትና «ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ፣ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። ታክሲ መጠበቁን ትታ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሯ ሄደች።

አራት ወር ምን እንዳላት የምታውቀው ሀጂራ ናት። ከሊሚ በፊት ኢዩ ነበር። የክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ኢዩ ይሉታል። አንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ የሀጂራን ልቃቂቶች እያንከባለለ ሱቁን ያምሰው ነበር፣ እሷም «ይሄ ሌባ መጣ!» እያለች ትስመው ነበር። በመጋቢት ሳንባ ምች ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ደሳለች ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከቀብሩ ማግስት የግቢው ሴቶች ከበቧት። አታልቅሺ፣ የያዝሽውን ትጎጂዋለሽ። ሕፃን ነው፣ መልአክ ሆኗል፣ ለሕፃን እንዲህ አይለቀስም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለሆዷ ፈርተው ነው። ግን ነጠላዋን እንኳ ማዘቅዘቅ ከለከሏት። ጠዋት አዘቅዝቃ ስትወጣ አንዷ ትመጣና ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች ታወርደዋለች። «በሚመጣው ደስ ይበልሽ» ይሏታል ሆዷን እየነኩ። ቶለሳም ቢሆን ጨነቀው። ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ «ሀደ ኢዩ» ነበር የሚላት። ልጁ ሲሞት የሚጠራት ስም አጣ። አምስት ወር ሙሉ «አንቺ» አላት፤ ሊሚ ስትወለድ «ሀደ ሊሚ» ብሎ ተገላገለ። ከዚያ ቤት ለቀው ወደ ዊንጌት ሲወርዱ፣ የኢዩ ስም ከድሮው ግቢ ጋር ወደ ኋላ ቀረ።

በዚያ መሀል አንድ ቀን ብቻ ነበረች። ደሳለች መታወቂያ ልታሳድስ ለጉርድ ፎቶ ብቻዋን ወጣች። ከግቢው ራቅ እንዳለች ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ አደረገች፤ መንገዱን ሙሉ እንደ ልቧ አለቀሰች። ፎቶ አንሺው «ከራስሽ ላይ አውርጂው፣ ጆሮሽ ይታይ» አላት። አወረደችው፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ቀረ። ዓይኗን ጠርጋ፣ አፏን ገጥማ ተነሣች። ኢዩ አንድም ፎቶ አልነበረውም። በዚህች ምድር ላይ ስለመኖሩ የተረፈ ነገር ቢኖር፣ በእናቱ ጉርድ ፎቶ ላይ ያለው የተገለበጠ ጥለት ነው።

«እና አሁን ደስታ ሆነ» አለች ደሳለች ዓርብ ጠዋት፣ ለሀጂራ ሁሉን ነግራት ስትጨርስ። እጇ ክሩን ይገምዳል፣ እንባዋ ክሩ ላይ ይወርዳል። «ዝም ካልኩ ልጄን ሁለተኛ ልቀብረው ነው። ያውም በቢጫ። ከተናገርኩ ደግሞ ያቺ ምስኪን ሦስት ወር የለፋችበት፣ በሰው ፊት የምትናገረው ሁሉ ውሸት ይሆንባታል። ምን ይሻለኛል?»

«ንገሪያት» አለች ሀጂራ።

«ቀኗን ላበላሽባት?»

«አንቺ ባትነግሪያት የእድራችሁ ሴቶች ጥለቱን አይተው ይነግሯታል። ሥዕሏን ኑ እዩ ብለሽ ጠርተሻቸው የለም እንዴ?»

ደሳለች ራሷን ያዘች። እውነት ነው፣ ጠርታለች። ያውም እማማ ዓለሜን፤ ከሩቅ አይታ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ምን እንደሆነ የሚናገሩ ሴትዮ! «ወይኔ ጉዴ» አለች፣ «በገዛ አፌ!»

ዓርብ አመሻሽ ላይ ልትነግራት ቤት ገባች። ሊሚ ግን እናቷ የቋጨችላትን አዲስ ነጠላ እየተኮሰች ታፏጫለች። «ነገ እለብሰዋለሁ፣ አንቺን ለማስደሰት» አለቻት። ደሳለች የመጣችበትን ነገር ዋጠችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እማማ ዓለሜ ከሁለት የእድር ጓደኞቻቸው ጋር ከፊት ተቀመጡ። ሀጂራ ሱቋን ዘግታ መጣች። ቶለሳ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ እጁ ገና ግሪስ ስለሆነ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሥዕሉን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ደሳለች ዞር ብላ አየችው፤ ዓይኑ ጥለቱ ላይ ተተክሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ገብቶታል።

ሊሚ ተራዋ ደረሰ። ሰማያዊውን ተናገረች፣ አረንጓዴውን ተናገረች፣ ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ቢጫው ጥለት ደግሞ» አለች፣ «የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ደስ...»

«ውይ!» አሉ እማማ ዓለሜ። ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። «ይህቺ ሴት ሐዘን ላይ ናት እኮ! ማን ሞቶባት ይሆን?»

ሰው ሳቀ። መምህሩ አቶ መሳይ ግን አልሳቀም። «ምን አሉ እማማ?»

«ነጠላዋን አዘቅዝቃለች ነው የምልህ። ዓይን የለህም እንዴ ልጄ? ጥለቱን እየው!»

መምህሩ ሥዕሉን አየ፤ ቀስ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ሊሚ ፊቷ ቀላ። «እ... ማለቴ... ፎቶው ላይ እንዲህ ስለነበረ...» ከዚያ፣ ልጅ ሳለች ስትወድቅ እንደምታደርገው፣ በሰው መሀል እናቷን ፈለገች። «እማ፣ ተሳሳትኩ?»

መውጫ ቀዳዳ ነበረ። «ያን ቀን ቸኩዬ ገልብጬው ነው» ብትል ሁሉም ይስቃል፣ ሊሚም ትድናለች፣ ነገሩም ያልቃል። ደሳለች ይህን ለማለት አፏን ከፈተች። ደሳለች! ነጠላ ተሳስታ ለበሰች! ሽሮ ሜዳ ቢሰማ ማን ያምናል? ይመኑ፣ አይመኑ ግድ አልነበራትም። ግን ይህን ካለች ከጉርዱ ፎቶ ላይ ያለው ኢዩም ስሕተት ይሆናል።

ተነሥታ ወደ ሥዕሉ ሄደች።

«አልተሳሳትሽም» አለች። «ልክ ነው የሣልሽው። እማማ ዓለሜም ልክ ናቸው። ልጅ ሞቶብኝ ነበር፤ ወንድምሽ። ኢዩ ነው ስሙ።» ስሙን ስትጠራ ድምጿ ተሰበረ፤ ሁለተኛ ጠራችው። «ኢዩ። አንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። ይሄ ጥቅል እሱ ነው። አንቺ...» እጇን ከጥቅሉ በታች ወደ አረንጓዴው አወረደች፣ «አንቺ እዚህ ነበርሽ። በሆዴ። ገና የሚመጣ ነገር ነው ብለሽ የለ? እውነትሽን ነው።»

ሊሚ ሥዕሏን እንደ ሌላ ሰው ሥራ ታየዋለች። «ቢጫውስ?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው!» አለች ደሳለች፣ እንደ ገበያው ቁጣዋ። ከዚያ ቀዝቀዝ ብላ አሰበች። «እንደ ልቤ ያለቀስኩለት ፎቶውን የተነሣሁባት ቀን ብቻ ነው። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም በቃሽ ሳይለኝ፣ የእሱ እናት ሆኜ የዋልኩባት ቀን ናት። ደስታ ነው ብትይ አልዋሸሽም። ይቆይ፣ ቢጫ ይሁን።»

እማማ ዓለሜ ተነሡ። የሚያውቁት አንድ ነገር ነውና እሱኑ አደረጉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡ፣ አዘቀዘቁ። «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት፣ ትናንት እንደሞተ። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ተከተሉ። ሀጂራ ነጠላ አልለበሰችም፤ መጥታ እጇን ያዘችና እንደ ድሮዋ «ያ ሌባ!» ብላ አለቀሰች። ሃያ አምስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ፣ በሥዕል አዳራሽ ውስጥ፣ በጠራራ ቀን ተደረሰ።

ሊሚ ትንሽ ቆማ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ አዲሱን ነጠላዋን አወረደች። ልትገለብጠው ሞከረች፤ አልለመደችም፣ አንደኛው ጥለት በጀርባዋ ዞረ፣ ሌላው ትከሻዋ ላይ ተጠመዘዘ። «እንዲህ ነው?» አለች እያለቀሰች።

ደሳለች አላስቻላትም። በዚህ ሁሉ እንባ መሀል እንኳ የተበላሸ ነጠላ ማየት አትችልም። «ነይማ ወዲህ። እንዲህ አይደለም» አለች። ከልጇ ትከሻ ላይ ገፈፈችው፣ አራገበችው፣ ገለበጠችው። ስንቷን ልጅ ከመንገድ ጠርታ ጥለቷን ወደ ታች እንዳወረደች ቁጥሩን አታውቀውም። ይህችኛዋን ግን በገዛ እጇ ከፍ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ አሳርፋ፣ ጫፉን አስተካከለችላት።

«ጥለቱ ወደ ላይ» አለቻት።

ሥዕሉ ከሦስቱ አልገባም። አራተኛ ወጣ። አቶ መሳይ ማብራሪያው ከሥዕሉ ጋር አልገጠመም ብሎ ነጥብ እንደቀነሰባት ለሊሚ በግልጽ ነገራት፤ እሷም አልተከራከረችም። ሥዕሉ አሁን ዊንጌት እነሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ሶፋውን ከቦታው አስነሥቶታል።

ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ ቶለሳ ቀድሞ ሄዶ ታክሲ አቆመ። ሊሚና ደሳለች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ይወርዳሉ፤ ታክሲው መሙላት ጀምሯል። ቶለሳ በበሩ አንገቱን አውጥቶ፣ ግሪስ በነካው እጁ እየጠራ ጮኸ።

«ሀደ ኢዩ! ኧረ ፈጠን በይ፣ ሊሞላ ነው!»

ደሳለች እግሯ ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ «መጣን!» ብላ ልጇን እየጎተተች ሮጠች።